ውሃው ዝም ሲል

ከሕፃኑ የአየር ቱቦ ጋር የተያያዘው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ውሃ መንተክተኩን አቆመ። ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ለማስታመም ከመጡ ሦስት ቀን የሆናቸው እማማ የብርጓል ስለ ሆስፒታል ያወቁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነበር፤ ውሃው ከተንተከተከ፣ በሰባት ወሩ የተወለደው የልጅ ልጃቸው አየር ያገኛል፤ ዝም ካለ አየሩ አንድ ቦታ እያፈተለከ ነው።

ሲስተር ፀደንያ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችው። መጋጠሚያዎቹ ደህና ናቸው። የሕፃኑ አፍንጫ ላይ ስትደርስ ግን የቱቦው ጫፍ ሾልኮ አገኘችው። መልሳ አስገብታ በፕላስተር ለጠፈችው። ውሃው ሁለት ሦስቴ ተንተክትኮ ዝም አለ። ፕላስተሩ ተላጠ። ሌላ ቆረጠች፤ እሱም ተላጠ።

"ይሄ ፕላስተር ጊዜው አልፎበት ነው መሰለኝ" አለች። የሕፃኑ ደረት በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ከንፈሩ መጥቆር ጀምሯል።

እማማ የብርጓል ክው አሉ። ጠዋት ነርሶቹ ተራ ሲለዋወጡ፣ አየሩ የልጁን ፊት አደረቀው ብለው፣ በቅጠል ጠቅልለው ካመጡት ለጋ ቅቤ ጉንጩንና አፍንጫውን አሸት አሸት አድርገውት ነበር። አርባ ዓመት አራስ ሲያርሱ የኖሩ ሴት ናቸው። "ምንም እንዳትቀቡት" ሲባሉም እሺ ብለዋል፤ እሺ ማለት ምን ይከብዳል። አሁን ግን ቢናገሩ ከክፍሉ ሊያስወጧቸው ነው። ልጃቸው ሥራነሽም፣ ስንት ዓመት ለምና ያገኘችውን ልጅ ማን እንዲህ እንዳደረገባት ልትሰማ ነው።

ፀደንያ ሦስተኛውን ፕላስተር ጥላ፣ ሌላ ጥቅል ልታመጣ ወደ በሩ ስትዞር የሕፃኑ እጅ ዝልፍልፍ አለ።

"ልጄ፣ ፕላስተሩ አይደለም" አሉ። ድምፃቸው እስከ መጨረሻው አልጋ ተሰማ። "ቅቤ ቀብቼዋለሁ። እኔ ነኝ።"

ፀደንያ አልተቆጣችም፤ ለቁጣም ጊዜ አልነበራትም።

"አፉ ውስጥስ?"

"የለም፣ በማርያም።"

"እንግዲያው አገጩን ደግፈው ይያዙልኝ፤ አፉ እንዳይከፈት።"

ፊቱን ሳሙና በነካ እርጥብ ጥጥ ወለወለችና አድርቃ ቱቦውን ለጠፈችው። ያዘ። ውሃው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያም ሳያቋርጥ ተንተከተከ። ጥቁረቱ ከከንፈሩ ቀስ በቀስ ሲለቅ እማማ የብርጓል እንባቸው መጣ፤ እጃቸው አገጩ ላይ ስለሆነ አልጠረጉትም።

ሥራነሽ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቀና ብለው ሊያዩዋት አልደፈሩም።

የጎረቤት አልጋዋ አያት ደግሞ፣ ማንም ያላያቸው መስሏቸው፣ በነጠላቸው ጫፍ የራሳቸውን የልጅ ልጅ ጉንጭ ይጠርጉ ጀመር።