የማማ ቀን

የባልሽ የጥርስ ብሩሽ ቀለሙ ምንድን ነው? አንቺን ነው የምጠይቀው፣ አዎ፣ እግርሽን አጣጥፈሽ የምታነቢውን፣ አንተም አለህበት፣ ሚስትህ ዛሬ ጠዋት ምን ዓይነት ካልሲ አድርጋ ወጣች፣ ቶሎ በል፣ ምለህ ተናገር፣ ከተሳሳትክ ከአገር ያስወጧታል። ይኸው፣ አታውቁትም። እኔም አላውቅም ነበር፣ ባለፈው ወር ነው ያጠናሁት፣ በሰባ አንድ ዓመቴ፣ እንደ ፈተና ተማሪ፣ የዴልበርት ብሩሽ ሰማያዊ፣ የኔ ነጭ፣ ዴልበርት ሻዩን ያለ ስኳር፣ ዴልበርት በግራ ጎኑ፣ ዴልበርት፣ ዴልበርት፣ እሱ ግን እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ብስኩቱን እየቆረጠመ ፍርፋሪውን ሱፉ ላይ ያራግፋል፣ ያንን ቡናማ ሱፍ፣ የመጀመሪያ ሚስቱን ኖሪንን የቀበረበትን፣ ሌላ የለኝም እኮ ብሮላ ይላል ስሜን አሳጥሮ፣ አንዷን ቀብሮበት ሌላዋን ሊያስመዘግብበት፣ ምን አለበት፣ ጨርቅ ምን ያውቃል።

የኢሚግሬሽን ቢሮ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ። ቀጠሯችን ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፣ አሁን አራት ሊሆን ነው። ግሪን ካርድ፣ መዳፍ የማይሞላ ፕላስቲክ፣ እውነተኛ ባልና ሚስት መሆናችንን አንድ መርማሪ አምኖ ካልፈረመ አይሰጥም፣ ካልተሰጠ ከዚህ አገር መውጣቱን ማንም አይከለክለኝም፣ መመለሱን ነው የሚከለክሉኝ፣ አሥር ዓመት፣ በሰባ አንድ ላይ አሥር ደምሩበት፣ ስለዚህ አልወጣሁም፣ እናቴ ግን ዘጠና አራት ዓመቷ ነው፣ ትውልድ ከተማዬ ዘስታፖኒ ካለው ቤታችን መስኮት ሥር ተቀምጣ እሑድ እሑድ በስልክ፣ ናዚ፣ ወይኑ ሲለቀም ትመጫለሽ አይደል? ትላለች፣ እመጣለሁ እላለሁ፣ ሃያ ሁለት የወይን ለቀማ አለፈ። ሃያ ሦስተኛውን ላትጠብቀኝ ትችላለች። ለዚህ ነው የመጣሁት፣ ለሌላ ለምንም አይደለም፣ ይህንን ፕላስቲክ ብቻ ስጡኝና ሄጄ እናቴን ልያት።

ብሩሼ ሰማያዊ ነው አይደል? ይላል ዴልበርት። ቀስ ብለህ ተናገር። ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። የመስሚያ መሣሪያህን ከፍተኸዋል? ከፍቼዋለሁ። ታዲያ ለምን ትጮኻለህ። አልጮህኩም ብሎ ይጮኻል፣ ፊት ለፊታችን ያሉት ወጣት ባልና ሚስት ይስቃሉ፣ እጇ ጭኑ ላይ ነው፣ እነሱን ማን ይጠራጠራል፣ እኛን ነው እንጂ፣ ሚስት የሞተችበት ሽማግሌና አስታማሚዋ፣ እኔም መርማሪ ብሆን እንዲህ ያለ ጋብቻ አላምንም።

አራሚ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው መጽሐፍ ስህተት ስለቅም ኖሬ፣ አንዲት የተገለበጠች ፊደል ከሦስት መቶ ገጽ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከምስር አውጥቼ፣ ከዚያ አገሬ መብራትም ዳቦም ሲጠፋባት ስድስት ወር በሚል ቪዛ ብሩክሊን ገባሁ፣ ያነበብኩት ሁሉ የኖሪንን ሽንት ጨርቅ ለመቀየር አልጠቀመኝም፣ አሥር ዓመት አጠብኳት፣ አጎረስኳት፣ ሞተች፣ ሽማግሌው ብቻውን ቀረ፣ የመርከብ ሞተር ጠጋኝ የነበረ ሰው እንቁላል መቀቀል አይችልም፣ በሦስተኛው ዓመት ሾርባ ሳማስል ከኋላዬ ቆሞ፣ ብሮላ፣ ለምን አንጋባም፣ ወረቀትሽንም እናስተካክላለን። ወረቀት! እዚያው አረፍተ ነገር ውስጥ ባያስገባት ምን ነበረበት። እሺ፣ አገባሃለሁ፣ ወረቀት ግን አልፈልግም አልኩት፣ ለወረቀት አገባችው እንዳይሉኝ፣ ማን እንዳይለኝ፣ እንጃ፣ በዚህ ከተማ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ እንኳ የለም።

ወይዘሮ ናዚ፣ ናዚ፣ ምን? ትላለች በር ላይ የቆመችው መርማሪ። ይኸው። ናዚብሮላ ኦክስ፣ እላለሁ፣ በኛ ቋንቋ ናዚ ማለት ለስላሳ ማለት ነው፣ ይህንን ለሃያ ሁለት ዓመት ሳስረዳ ለስላሳነቴ አለቀ። መርማሪዋ ባልዴራማ የሚል ባጅ አንጠልጥላለች፣ ልጄ ብትሆን ታናሿ ልጄ ናት፣ እጃችንን አስነስታ ታስምለናለች፣ ዴልበርት ግራውን ያነሳል፣ ቀኙን አቶ ኦክስ፣ ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ይስቃል፣ ምን ያስቀዋል። የትውልድ አገር ጆርጂያ ይላል፣ አትላንታ አካባቢ ነው? ትላለች፣ ቀልድ መሆኑ ነው፣ የአሜሪካዋን ጆርጂያ ማለቷ፣ አይ፣ ጥቁር ባሕር አካባቢ። እሺ፣ አንድ በአንድ ነው የማነጋግራችሁ፣ አቶ ኦክስ እስቲ ውጭ ይጠብቁ። ሲወጣ ብስኩቱን ጠረጴዛዋ ላይ ረስቶ ወጣ። የመንግሥት ጠረጴዛ ላይ።

አልጋው ላይ በየትኛው በኩል ነው የሚተኙት? በየትኛውም፣ የተለያየ ክፍል ነው የምንተኛው። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ይንጫጫሉ። ለምን? ያንኮራፋል። ትጽፋለች። የት ተዋወቃችሁ? ሚስቱን ሳስታምም። ትጽፋለች፣ ረጅም ነው፣ ምን ሆና ነው አንድ አረፍተ ነገር ስሰጣት ሦስት የምትጽፈው። ከተጋባችሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኗችኋል፣ ለምን እስካሁን አላመለከታችሁም? በኩራት። እንዴት? ኩራት አልኩሽ የኔ ልጅ፣ ጻፊው፣ ሦስት ፊደል ነው። ቀና ብላ አየችኝ፣ አጠፋሁ፣ ለእናቴ ስል አፌን መያዝ አለብኝ፣ እናቴ መስኮት ሥር ናት። ወላጆችዎ በሕይወት አሉ? እናቴ አለች፣ አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመቱ። ባለቤትዎ ይህንን ያውቃሉ? እንዴት አያውቅም! ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ይህንን ነው በልበ ሙሉነት የመለስኩት፣ ይህንን ያውቃል፣ ብሩሹን ሊረሳ ይችላል፣ ይህንን አይረሳም።

አሁን እሱ ገብቷል፣ እኔ ውጭ ነኝ። በሩ ውፍረቱ። እሱ እንኳ ሲጮህ አይሰማም።

ይህንን አይረሳም ያልኩት እውነቴን ነው። ድንች እየላጥኩ ነበር፣ ጠዋት፣ ውጭ በረዶ፣ ወንድሜ ደወለ፣ አባታችን አረፈ አለ፣ ቢላዋው ከእጄ ወደቀ፣ ማማ! ብዬ ጮህኩ፣ ማማ፣ ማማ፣ በኛ ቋንቋ አባት ማማ ነው፣ እናት ዴዳ ናት፣ ዓለም በሙሉ ገልብጦታል ወይም እኛ ገልብጠነዋል፣ ዴልበርት ከሳሎን ሮጦ መጣ፣ ምንም አልጠየቀኝም፣ እንደ ባል ሳይሆን እንደ ወንበር ደግፎኝ ቆመ፣ ከዚያ ድንቹን ራሱ ላጠው፣ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ጣለው። መሄድ አልቻልኩም፣ ወረቀት የለኝማ፣ ኩራት ነው ያለኝ፣ አባቴን ሌሎች ቀበሩት። ግን በዓመቱ፣ በየካቲት፣ ያው ቀን፣ ዴልበርት ነጭ አበባ ይዞ መጣ፣ ቅጠሉ የተሸበሸበውን፣ በማርማላታ ብልቃጥ ውሃ አድርጎ እቃ ማጠቢያው አጠገብ አስቀመጠው፣ ለማማሽ ነው አለኝ። ማማ አለ! አባት አላለም፣ በራሴ ቃል ማማ አለ፣ ይህ ከእንግሊዝኛ ሌላ ጤና ይስጥልኝ እንኳ የማይችል ሰው፣ ዘጠኝ ዓመት የአይብ ዳቦዬን ፒዛ እያለ የሚጠራ ሰው፣ ያቺን አንዲት ቃል ከጩኸቴ ውስጥ ለቅሞ አስቀምጧታል። ኮፍያውን አውልቆ አንድ ደቂቃ ቆመ። በየዓመቱ ይቆማል፣ የማማሽ ቀን መጣ ይላል፣ እኔ ልረሳው ስፈልግ እሱ አይረሳም፣ እና ስንቱን ለዚያ ብዬ አሳለፍኩለት፣ ማንኮራፋቱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የኖሪንን ፎቶ ከራስጌው አለማውረዱን፣ አንድ ቃል ተምሯልና ይሁን፣ በዚህ አገር ለአባቴ የሚያለቅስ አንድ ሰው አለና ይሁን።

ወይዘሮ ኦክስ፣ ይግቡ።

ፊቷ ተቀይሯል። ዴልበርት ግን ዘና ብሏል፣ በደንብ እንደመለሰ ተማሪ ይጠቅሰኛል፣ አትጥቀሰኝ። ትንሽ ያልገባኝ ነገር አለ ትላለች መርማሪዋ፣ እርስዎ እናቴ በሕይወት አለች ብለዋል፣ አዎ፣ ባለቤትዎ ግን ሞታለች አሉኝ፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ በየዓመቱ መታሰቢያዋን እናደርጋለን አሉኝ፣ አበባውን ሳይቀር ነገሩኝ።

ምን?

ብሮላ ምን ሆንሽ፣ ማማሽ እኮ፣ ድንች ስትልጪ፣ ይላል ዴልበርት።

ደግሞ ትላለች ወረቀቷን ገልብጣ፣ በየሳምንቱ እሑድ ዴዳ ከሚባሉ አክስትዎ ጋር በስልክ ያወራሉ አሉ። አክስት አለዎት? የለኝም። ዴዳ የሚባል ዘመድስ? የለኝም፣ ማለቴ አለኝ፣ ማለቴ እናቴ ናት፣ ዴዳ እናት ማለት ነው። ማማስ? አባት። ይቅርታ፣ ማማ አባት? አዎ ማማ አባት! የኔ እመቤት፣ ሰው ሁሉ ማማ የሚለው እናቱን ነው፣ ትላለች እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ቅዝቅዝ ብላ፣ በኛ አገር አይደለም፣ እላለሁ፣ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ እሰማዋለሁ፣ ይኼ ድምፅ ውሸታም ድምፅ ነው፣ እኔም ብሆን አላምነውም፣ አለቀ፣ እናቴን ገደላት፣ ይህ ሽማግሌ በመንግሥት መዝገብ ላይ እናቴን ገደላት፣ ወይኑን ሌላ ይለቅመዋል።

ቆይ፣ ይላል ዴልበርት፣ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ሱፉ ላይ ያለው ፍርፋሪ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ረግፎ፣ ቆይ ቆይ ብሮላ፣ እናትሽ አለች? በሕይወት? ያቺ እሑድ እሑድ የምትስቀው ሴትዮ? እናትሽ ናት እንዴ! እና አለቀሰ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በደስታ፣ አፉን ከፍቶ፣ እሰይ፣ ተመስገን፣ አለች እኮ፣ ሰማሽ ልጄ፣ አለች እኮ ይላታል መርማሪዋን፣ እጇን ይዞ፣ አይፈቀድም የመርማሪ እጅ መያዝ፣ ተቀመጥ ዴልበርት።

መርማሪዋ እጇን ቀስ ብላ አወጣች። ስልኳን አነሳች፣ ፈለገች፣ ስክሪኑን ወደኛ አዞረችው፣ ማማ፣ ጆርጂያኛ፣ አባት። እንዴት ነው ይኼ ነገር ትላለች፣ ትስቃለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት፣ እዚህ ቢሮ የሚዋሽ ሰው አጥንቶ ነው የሚመጣው ወይዘሮ ኦክስ፣ የአክስት ልጅ ስም ሳይቀር፣ እንደናንተ የሚሳሳት አላየሁም፣ የኔም ባል እህቶቼን እስካሁን አይለይም። ከዚያ ታይፕ አደረገች፣ ብዙ ታይፕ አደረገች፣ አጽድቄዋለሁ አለች፣ ካርዱ በፖስታ ይመጣል፣ እናትዎን ሰላም ይበሉልኝ። ብሩሹን ማንም አልጠየቀም። ከሦስት የፎቶ አልበም፣ ከጋራ የኪራይ ውል፣ ከመቶ ሃያ ጥያቄ ጥናት ይልቅ ያመነችን አለመተዋወቃችንን አይታ ነው።

ሊፍቱ ውስጥ እሱ አፍንጫውን ይናፈጣል።

ታች መንገዱ ላይ፣ ታክሲው፣ ጩኸቱ፣ ፀሐዩ፣ መደሰት ነበረብኝ፣ ሄጄ ላያት ነው፣ መስኮቷ ሥር ልቆም ነው፣ ናዚ መጣሽ ልትለኝ ነው፣ ይህንን ሁሉ አውቃለሁ፣ ግን አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ደምሬ ስቀንሰው ያችን የአበባ ብልቃጥ ነው የማያት፣ ሰባት የካቲት፣ ኮፍያውን አውልቆ የቆመው ለማን ነው፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ ለምትስቅ ሴት ነው፣ ለአባቴ ለሲሎቫን አይደለም፣ ለሲሎቫን ማንም አልቆመም፣ ቃሌንም አልተማረም፣ የራሱ ቃል ነበረች፣ እኔ ነኝ የኔ ያደረግኳት፣ እኔ፣ አራሚዋ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል በየዓመቱ አይኔ ሥር አሳልፌ ስህተት ያላየሁባት።

ብሮላ፣ ይላል፣ እሑድ እኔም ላውራት፣ እሺ? ዴዳ ልበላት? ቦርሳዬን እዘጋለሁ። ይቅር በይኝ፣ አላወቅኩም እኮ። አባትሽ፣ ይላል፣ የመስሚያ መሣሪያውን እየነካካ፣ አባትሽ ታዲያ፣ ስሙ ማን ነበር?

ዘጠኝ ዓመት። አሁን ጠየቀ። አሥራ አንድ ፎቅ ወርደን አስፋልት ላይ።

ሲሎቫን እላለሁ። ሲሎቫን፣ ይላል፣ አጣሞ ነው የሚለው፣ ክንዴን ይይዛል፣ ማዶ አበባ የሚሸጥ አለ፣ አያለሁ፣ እሱም አየው፣ ለሲሎቫን ብንገዛለትስ፣ ኮፍያውን ከወዲሁ አውልቆታል፣ ራሰ በራው በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ አይሆንም፣ አልኩት፣ ኮፍያህን ልበስ፣ ፀሐይ ይመታሃል። እናቴን ሄጄ አያታለሁ፣ ወይኑን እለቅማለሁ፣ ተመልሼ ሾርባህን እሠራለሁ። አንተን ግን ይቅር አልልም፣ የሳቀችውንም መርማሪ፣ ሳልቀብረው የተቀበረውንም አባቴን፣ ወረቀት አልፈልግም ያለችውንም ሴትዮ። ማንንም ይቅር አልልም።