ሁሉንም «አዎ» ያለችው ልብስ ሰፊ

ሥራዬ ፍርድ ቤት የሚልካቸውን ተከሳሾች አእምሮ መመርመር ነው። የዚያን ሳምንት የመጣችልኝ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከታላቅ እህቷ ጋር ተጣልታ የእህቷን ቤት በእሳት አያይዛለች። ከሦስት መቶ በላይ ጥያቄ ያለበት መጠይቅ ሰጠኋት። በመሀል በመሀሉ የሚያጋንን ሰው የሚያጋልጡ ጥያቄዎች ተሰግስገውበታል። እሷ ግን ሁሉንም «አዎ» ብላ ቁጭ! ሁልጊዜ ድምፅ ይሰማሻል? አዎ። እጅሽ የሌላ ሰው ይመስልሻል? አዎ።

ደሜ ፈላ። ልታሞኘኝ ነው አልኩ። አለቃዬም ውጤቱን አይቶ ሳቀ።

«አስመሳይ ናት ብለሽ ዝጊው፣ እህቴ።»

ልዘጋው ስል የድሮ የሕክምና ካርዷን አገላበጥኩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ሆስፒታል ስትመረመርም ሁሉንም «አዎ» ብላለች። ያኔ የምታመልጠው ክስ አልነበረባትም። ተመልሼ እስር ቤት ሄድኩ።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ሁልጊዜ ድምፅ ይሰማሻል?»

ጥፍሯን ነከሰች። «አልፎ አልፎ። ሲጨንቀኝ።»

«ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አልሽኝ?»

«ሆስፒታል ሄጄ ትንሽ አመመኝ ያልኩ ቀን ምን አሉኝ? ውሃ ጠጥተሽ ተኚ! አልጋ የሰጡኝ ክንዴን በምላጭ ቆርጬ ስመጣ ነው። አንቺስ ብትሆኚ፣ ደህና ነኝ ብልሽ ተመልሰሽ ትመጪ ነበር?»

ያለችውን ቃል በቃል ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ሪፖርቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ደመደምኩ፦ «መልሶቿ የተጋነኑ ናቸው። ማጋነኗ ግን አብሯት ከኖረ የስብዕና መታወክ የመነጨ ሊሆን ስለሚችል፣ ጤነኛ ናት ለማለት አያበቃም።» አለቃዬ ሁለተኛውን ሰርዞ ላከው። ይህን ያወቅኩት ችሎት ላይ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሪፖርቱን ሲያነብ ነው።

«ክቡር ዳኛ፣ ግማሹ ተቆርጧል!» ብዬ ብድግ አልኩ። የተሰረዘውንም በቃሌ ተናገርኩ።

ዳኛው ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝታ እንድትመረመር አዘዙ። ፖሊሶቹ ሲወስዷት ዞር ብላ ጮኸችብኝ፦ «ሰው ፊት ታጋንናለች አልሽኝ አይደል? ጅሏ እኔ ነኝ፣ አንቺን ያመንኩ!»

ኮሪደሩ ላይ አለቃዬ ጠብቆኝ ነበር። «አፍሽን ብትሰበስቢ ምን ነበረበት?»

«አንተስ እጅህን ብትሰበስብ?»

በማግስቱ ወደ ፋይል ክፍል አዛወረኝ። አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም። ልብስ ሰፊዋ ግን ሆስፒታል ናት፤ «አሁን ሐኪሞቹ ራሳቸው ሊያዩኝ መጡ እንጂ እኔ አጋንኜ አልጠራኋቸውም» ትላለች አሉ። የእሷ ቁጣ ይገባኛል። በአለቃዬ ላይ ያለኝ የእኔው ግን አልበረደልኝም።