«እናቴ ሥራ ላይ ናት»

በኮሮናው ዓመት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዓረብ አገር፣ አል ጂሚ የሚባል ሰፈር ካለው ቤታችን በላፕቶፕ እማር ነበር። አንድ ቀን አስተማሪያችን፣ ቤተሰቦቻችን ወደዚህ አገር እንዴት እንደመጡ በእጅ ሥራ እንድናሳይ አዘዘችን።

እናቴ ዛኪያ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ስለተዘጋ እጇ ሥራ ናፍቆት ነበርና ደስ አላት። ሦስት ቀን ሙሉ መንገዷን በነጭ ጨርቅ ላይ ጠለፈችልኝ፦ የወሎ መንደሯን፣ አውሮፕላኑን፣ ከዚያም አቡዳቢ፣ አል ባጢን ሰፈር ያለውን ትልቅ ቪላ። በሩ ላይ መጥረጊያ የያዘች ትንሽ ሴት ቆማለች።

«ይቺ ማን ናት?» አልኳት።

«እኔ ነኛ፣ ሀይፋዬ! ስምንት ዓመት የማዳምን ቤት የጠረግሁት። ስፌቱንም እዚያው ነው የለመድኩት።»

የክፍሌ ልጆች አባቶች ሐኪምና መሐንዲስ ናቸው። የአንዷ ሠራተኛ ጭማቂ ስታቀብላት በካሜራ አይቻለሁ፤ ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

እናቴ ሰላት ላይ ሳለች መጥረጊያ የያዘችውን ሴት በመቀስ ተረተርኳት።

በማግስቱ እናቴ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ካሜራው በማያሳያት በኩል አጠገቤ ተቀመጠች። ጨርቁን ከፍ አድርጌ በእንግሊዝኛ «እናቴ ዲዛይነር ሆና ነው የመጣችው» አልኩ።

«ድንቅ ነው! አጠገብሽ ካለች ሰላም ልበላት» አለች አስተማሪዋ።

እናቴ ሻርፗን አስተካክላ ብድግ ልትል ስትል፣ «እናቴ ሥራ ላይ ናት» አልኩ።

ይህችን እንግሊዝኛ አሳምራ ታውቃታለች። ወንበሩ እንዳይንቋቋ ቀስ ብላ ተነሥታ ወጣች።

ትምህርቱ ሲያልቅ ወጥ ቤት አገኘኋት። ቀሚሷን ቀይራለች።

«ማማ፣ ይቅርታ...»

«መተርተርሽን እኮ ጠዋት አይቻለሁ። ክሩ ወለል ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ስትናገሪ እንኳ እውነቱን ትያለሽ ብዬ ነው የዒድ ቀሚሴን የለበስኩት» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ፈቃድ ጠይቄ ሁሉንም ተናገርኩ፤ መጥረጊያውንም፣ ውሸቴንም። እናቴን አብረሽኝ ቁጭ በይ ብላት፣ «ኸላስ፣ በቃ ልጄ፣ አንቺው ጨርሺው» ብላኝ ነበር።

አስተማሪዋ «ደፋር ልጅ ነሽ» ብላ በሁሉም ፊት አመሰገነችኝ። ምስጋናውን ለእናቴ ልነግራት ሮጥኩ። ክፍሏ በር ላይ ስደርስ ግን የተመሰገንኩት እኔ፣ የተዋረደችው እሷ መሆኗ ገባኝ፤ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።