የጎረሰው ጠመንጃ

ሰዓት ሠሪው አንድም ቀን ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ሰፈርተኛው ግን «ጄኔራሉ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ቤቱ ግድግዳ ላይ የደረደራቸው፣ ባሩድና አረር በአፈሙዛቸው የሚጎርሱ የድሮ ወታደሮች ጠመንጃዎች ናቸው። ሚስት አላገባም። «በዚህ ሁሉ ጠመንጃ መሀል የትኛዋን ሴት እንቅልፍ ይወስዳታል?» ብለው ሲያሾፉበት፣ «እነሱ እንደሆኑ አይጨቀጭቁኝም» ይላል።

አንድ ጠዋት አንዲት ልብስ ሰፊ ሱቁ መጣች። ከባሏ አያት የተረፈ ጠመንጃ ቤት ውስጥ እንዳለ፣ መጥቶ እንዲያየውና ከወደደው እንዲወስደው ለመነችው።

«ዛሬ ይሁንልኝ ጋሼ።»

«ምን አስቸኮለሽ?»

«ቤቱን ላጸዳ ብዬ ነው።»

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዝናብ ባጨቀየው መንገድ ላይ አውቶቡሱ ተገልብጦ ሰው ሞቶበታል። ፍርድ ቤት ጥፋት የለብህም ብሎ አሰናበተው፤ እሱ ግን ራሱን አላሰናበተም። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ጄኔራሉም ያውቃል። ነገር ግን የጠመንጃ ወሬ ከተነሳ ሌላው ሁሉ ከጭንቅላቱ ብን ብሎ ይጠፋል።

ተከትሏት ቤቷ ገባ። የስፌት መኪናዋ ያለበት ክፍል ጠባብ ነው። ባልየው ጺሙ አድጎ፣ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጧል። «እንደምን አደሩ» አለ። ሚስትየው ጠመንጃውን ከቁም ሳጥን ጀርባ አውጥታ፣ በአንሶላ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

ጄኔራሉ አንሶላውን ገለጠ። ብዙ ጊዜ የሚያመጡለት ጠመንጃ ሰደፉ የአንዱ፣ አፈሙዙ የሌላው፣ ዝም ብሎ የተገጣጠመ ጉድ ነው። ይሄኛው ሙሉ ነው። በብረቱም በእንጨቱም ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ተመትቷል። ሰደፉ ላይ የአንድ ወታደር ጉንጭ ለዓመታት ያለሰለሰው ቦታ ይታያል። እሳት የሚጭረውን ባልጩት የነከሰውን መዶሻ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ሳበው፤ ቀጭ ብሎ ቆመ።

«ሞላውን ስሙት! ከኔ ሰዓቶች ይበልጣል። ዘይት ጠጥቷል፣ ባልጩቱም ስል ነው። ይሄ እኮ ዛሬም ይተኩሳል!»

ሙገሳ መስሎት ነበር። ሚስትየው ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ጄኔራሉ ባልጩቱ እንዳይሰበር ብሎ መዶሻውን በእጁ ይዞ ቀስ አድርጎ መለሰው። አፈሙዙ በቀጥታ የባልየው ደረት ላይ ያነጣጠረ መሆኑን ያየው ያኔ ነው። ማንም ሰው ሲሆን ፈቀቅ ይላል። ይህ ሰው ግን ንቅንቅ አላለም።

ሁልጊዜ ከሁሉም በፊት የሚያደርገውን፣ ዛሬ በጉጉት የዘለለውን አሁን አደረገ። የጠመንጃውን ዘንግ መዝዞ በአፈሙዙ ከተተው። ዘንጉ እታች ሳይደርስ ለስላሳ ነገር ላይ ቆመ።

«ጎርሷል» አለ።

«እኔ ነኝ ያጎረስኩት» አለ ባልየው።

ከዚያ ሚስትየው ከወለሉ ላይ ሆና መናገር ጀመረች። «ገበያ ደርሼ ስመጣ ጠመንጃው ላይ አቀርቅሮ አገኘሁት። ምን ላድርግ? ጋሼ፣ እኔ ውድ ነው እንዲሉኝ አልነበረም የጠራሁዎት። የማይረባ ቁራጭ ብረት ነው፣ በስብሷል፣ አይሠራም እንዲሉት ነበር። እርስዎ ካሉት ያምናል ብዬ።»

ጄኔራሉ ይህን ሁሉ ዓመት ጠመንጃ ሲገመግም፣ ጠመንጃው ማንን ሊመታ ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም፤ የተመቱት ሁሉ ድሮ አልቀዋል።

ከመዶሻው ሥር ያለውን ማቀጣጠያ ባሩድ አራግፎ ውሃ አስመጣ። የውስጡን ባሩድ በውሃ አርሶ፣ ጫፉ ጠመዝማዛ የሆነ ዘንግ ከቦርሳው አወጣና አጎንብሶ ጉርሻውን መሳብ ጀመረ። ባልየው ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ የጄኔራሉን ትከሻ ይዞ ከአፈሙዙ ፊት ገለል አደረገው።

«ፊትዎን ያዙሩ ጋሼ። በኔ ጦስ ሌላ ሰው እንዳይጨመር።»

በየተራ ወጣ፤ መጀመሪያ ከሚስትየው የስፌት ዕቃ የተወሰደ ንጹሕ ነጭ ጥጥ፣ ከዚያ ከዓሣ መረብ ማስጠሚያ ተቆርጦ የተድቦለቦለ የእርሳስ ጥይት፣ በመጨረሻም የራሰው ባሩድ። ባልየው ጥጡን አይቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሚስትየው ተነስታ ራሱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ጄኔራሉ፣ የሚስትየው ወንድም ተጠርቶ እስኪመጣ ድረስ ከነሱ ጋር ቆየ፤ ሆስፒታልም አብሯቸው ሄዶ፣ ሐኪሙ ተቀብሎ እስኪያስተኛው አልተለየም።

በሳምንቱ ሊጠይቀው ሄደ። ባልየው ስለ ሕመሙ አላወራም።

«ጠመንጃውን የት አደረጉት?»

«ቤቴ አለ። ባዶውን ነው።»

«ይስበሩት።»

ጄኔራሉ እያቅማማ ወጣ። ዕድሜ ልኩን ሲፈልገው የኖረው ጠመንጃ ነው። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ አፈሙዙን በመጋዝ ቆረጠው። መጋዙ ብረቱን ሲበላ ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ሲጨርስ ይቀለኛል ያለው ልቡ እንደከበደ ነበር።

ይህንኑ ሊነግረው ተመልሶ ሲሄድ ባልየው በመድኃኒት ኃይል ተኝቷል። ሚስትየው አልጋው አጠገብ ሆና ሱሪ በመርፌ ትጠቅማለች።

«ቆረጥኩት» አላት በሹክሹክታ።

ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ወንበር ስለሌለ ጄኔራሉ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱም የተኛውን ሰው ትንፋሽ ያዳምጡ ጀመር።