የሚነዝረው በር

በመቱ ክረምት ሲገባ፣ በእትዬ ወርቅውሃ ግቢ የሚኖር ተከራይ ሁሉ አንድ ነገር ይለምዳል፤ ላስቲክ ጫማ ሳያደርግ በሩን አይነካም። የቤቱ በር ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳውም ከወገብ በላይ ቆርቆሮ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ የመቱ ዝናብ ነው፤ ከጀመረ ማቆሙን ይረሳል። ቆርቆሮው ሲረጥብ ይነዝራል። ከሽንት ቤት የተመለሰ ሰው እጁን በልብሱ ጠቅልሎ በሩን ይገፋል፣ "ነዘረኝ!" ብሎ ይስቃል፣ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ ከወንበሩ በፊት ጫማ ይቀርብለታል። ይህንንም መስተንግዶ ይሉታል!

ተከራይዋ ዘህራም ሁለት ክረምት እንደ ሌላው ስቃ አሳለፈች። በዚህኛው ግን ልጇ ኑሃ መቆም ጀመረች። ሕፃን የሚቆመው ደግሞ ያገኘውን ይዞ ነው። አንድ ጠዋት ኑሃ በሩን ይዛ ልትነሣ ስትል ወደ ኋላ ተወረወረች። እንደ ወትሮዋ አላለቀሰችም። አፏን እንደከፈተች፣ ትንፋሿ ጠፍቶ፣ እናቷን አየቻት። ለቅሶው እስኪመጣ ድረስ ዘህራ ልጇ ያለቀችባት መሰላት። ከዚያ ወዲያ ለእሷ በዚያ በር መሳቅ ቀረ።

እትዬ ወርቅውሃ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው። ዘህራን ምጥ ሲይዛት ባሏ ጀዋር ሚኒባሱን ይዞ ጎሬ ነበር። ደግፈው ሐኪም ቤት ያደረሷት፣ ስትወልድም ገንፎ ያገነፉላት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ውለታ ለዋለላት ሰው በምን አፏ ትናገር? ቢሆንም ሄደች።

"የክረምት ነገር ነው የኔ ልጅ፣" አሏት። "ኮርኮር ነው የሚያደርገው። ጫማ ግዢላት።"

"በእጇ ነው እኮ የምትይዘው፣ እትዬ። እጇ ላይ ጫማ ላጥልቅላት?"

እትዬ ሳቁ። ዘህራ አልሳቀችም። በማግስቱ ቀነዓ የሚባል የመብራት ሠራተኛ ከሁሩሙ አስመጣች። ቀነዓ ጣሪያው ሥር ገብቶ ሲወጣ አንገቱን እየነቀነቀ ነበር። ልባሱ የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል፤ ያመለጠውን ኃይል ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ ደግሞ ጭራሽ የለም።

"ማነው የቆረጠው?" አለ።

የቆረጡት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ሽቦው መሬት ውስጥ ሲገባ ያዩ ጊዜ፣ መብራታቸው በዚያ እየፈሰሰ ቆጣሪውን የሚያስሮጠው መስሏቸው አስቆረጡት። ቀነዓ የተላጠውን ልቀይር፣ አዲስ የብረት ዘንግም ልቅበር ሲል፣ "መብራቴን ምስጥ ልታበላው ነው?" ብለው ከግቢ አስወጡት። ጎረቤቷ መምህርት ገለኔም ዘህራን ጎተት አድርጋ፣ "ተዪው በናትሽ፣ ሴትየዋ ከተቀየሙ ሁላችንንም ነው የሚያስወጡን፣" አለቻት። ማንንም ተስፋ ማድረግ እንደሌለባት የገባት ያኔ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ዘህራ ልጇን ቤት ውስጥ አስቀምጣ ቆጣሪው ወዳለበት ወደ ግቢው መግቢያ ሄደች፣ የቆጣሪውን ብሬከር ቀጭ አድርጋ አጠፋች፣ ጀርባዋንም ሰጥታው ቆመች።

ግቢው ተንጫጫ። ከዚሁ ቆጣሪ መብራት ስቦ መንገድ ዳር ፀጉር ቤት የከፈተው ዋቁማ መሥራት ያቆመ ማሽኑን ይዞ ወጣ፤ ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛውም ተከተለው።

"ማሎ፣ እባክሽ ዘህራ! ሰውየው ሠርግ አለበት!"

"ቆብ ያድርግ፣" አለች።

እትዬ ወርቅውሃ ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ። "አብሪ!"

"አላበራም።"

"በገዛ ቤቴ?"

"በገዛ ቤትዎ። በሩ እስኪሠራ በዚህ ግቢ መብራት የለም። እናንተ ብታበሩት እኔ አጠፋዋለሁ፤ ስተኛ ብታበሩት ስነሣ አጠፋዋለሁ።" ፈርታለች፤ ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በልጦባታል።

"ኮርኮር አድርጎት የሞተ ሰው የት አየሽ?" አሉ እትዬ ወደ ጎረቤቱ ዞረው። "እኔ ስንት ዘመን ኖሬበታለሁ!" ጎረቤቱም አጉረመረመ። ለዚች ለዚች ሰው ያጨልማል? ልጆች አላሳደግንም? አንዱ ጭራሽ፣ እየነዘራቸው ነው የሚጠነክሩት አለ።

ይህን ሲባባሉ ኑሃ እየዳኸች ከቤት ወጣች። ደጃፉ ላይ ውሃ አቁሯል። ውሃው ውስጥ በባዶ እግሯ ገብታ፣ ሁለት እጇን ወደ ረጠበው በር ዘረጋች።

"ያዟት! ያዟት!"

ከሁሉ ቀድመው የጮኹት እትዬ ወርቅውሃ ናቸው። ገለኔ ዓይኗን ጨፈነች። ዋቁማ ማሽኑን ጥሎ ሮጠ። እትዬም ነጠላቸው ጭቃ ላይ ወድቆ፣ አንድ ጫማቸው ተሰንቅሮ ቀርቶ፣ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ሮጡ። ያልደነገጠችው ዘህራ ብቻ ናት።

ኑሃ በሩን ይዛ ቆመች። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ሲሮጥ አይታም በሳቅ ፈነዳች።

"ጠፍቷል እኮ፣" አለች ዘህራ። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እያያችሁኝ። ምን አስሮጣችሁ ታዲያ? ኮርኮር ነው የሚያደርገው አላላችሁም?"

ዋቁማ አንገቱን ደፋ። እትዬ ተመልሰው ጭቃው ውስጥ የተሰነቀረውን ጫማቸውን ነቀሉ።

"ሰውየውን ጥሩት፣" አሉ በመጨረሻ። "እቀብራለሁ ያለውን ይቅበር።" ወዲያው ሰው እያያቸው መሆኑ ትዝ ሲላቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ሲያልቅ ግን ከቤቴ ትወጪያለሽ! እንዲህ አዋርደሽኝ አብረን አንኖርም!"

"አልወጣም፣ እትዬ፣" አለች ዘህራ። "ልጄ መቆም የጀመረችው እዚህ ነው።"

ቀነዓ እስኪመጣም ከቆጣሪው ንቅንቅ አላለችም።