እጅ ያልለቀቀ ሰላምታ

አስካለ ክፉ ነገርን ገና ከሩቅ ወጥታ የምትቀበል ሴት ናት። ሰማይ ከጠቆረ ጎርፍ፣ ሰው ካስነጠሰ የሳንባ ምች ይታያታል። አንድ ልጇ ጽጌሬዳ በነርስነት ተመርቃ ከአዋሳ ወዲያ፣ ዶሬ ባፋኖ ክሊኒክ ስትመደብ ታዲያ አስካለ እህል አልቀምስ አለች።

«ብትታመሚ ማን ይነግረኛል? ስልክ የለ፣ ምን የለ!»

«መገናኛ ራዲዮ ሊገባልን ነው እኮ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ይሞከር። ከዚያ ድረስ ድምፅሽን በጆሮዬ ከሰማሁ ትሄጃለሽ። ካልሰማሁ ግን ምደባው ይቀየርልኝ ብዬ አመለክታለሁ።»

ጽጌሬዳ ተስማማች።

በሙከራው ቀን ጽጌሬዳና ሾፌሩ ማቴዎስ ራዲዮ በተገጠመላት ላንድሮቨር ወደ ዶሬ ባፋኖ ተነሡ። ዋናው ራዲዮ አዋሳ፣ ጤና ቢሮው ውስጥ ተተክሏል። አስካለ ዳቦዋን ቋጥራ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጓድ ባህሩ» አለችው ቴክኒሻኑን፣ «ጣራው ላይ ያለውን ሽቦ ቀበሌ ያውቀዋል? ኋላ ከማን ጋር ነው የምታወሩት ተብለን እንዳንታሰር።»

«ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ እትዬ አስካለ። እርስዎ ቀበሌን ትተው ታቦር ተራራን ይፍሩልኝ። እነጽጌሬዳ ከጀርባው ሲዞሩ ድምፁን ይከልለዋል። በየቦታው እየቆሙ ይጠሩኛል፤ የት እንደሚደክም አያለሁ።»

ይህን ሲል የሐይቁ ነፋስ አንቴናውን አዘነበለው። ባህሩ መሰላል አነሣ። «እነሱ ከጠሩን ይህችን ቁልፍ ተጭነው ይናገሩ። ሲጨርሱ ይልቀቁ» ብሏት ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ራዲዮው ተንኮሻኮሸና የጽጌሬዳ ድምፅ መጣ። «ከከተማ ወጣን፤ ይሰማል?»

አስካለ ቁልፉን ጨመቀችው። «ጽጌዬ! እንዴት ነሽ? ደኅና ነሽ? ማቴዎስስ? መኪናዋስ ደኅና ናት?»

ብላ ጠበቀች፤ ቁልፉን ግን አልለቀቀችም። እሷ ባደገችበት አገር ሰው ተጨባብጦ ሰላምታው ሳያልቅ እጁን አይለቅም፤ መልስ ሳይሰሙ መልቀቅ ኩርፊያ ነው። ቁልፉ ደግሞ እንደተጫነ ከወዲያ ማዶ ድምፅ አያስገባም።

«ጽጌ? ምነው? ገደል ገባችሁ? አንተ ማቴዎስ፣ ቀስ ብለህ ንዳ አላልኩህም? ጎማው ፈንድቶ ከሆነ እንዳትወርጂ፣ ጅብ አለ! ቀን ነው ብለሽ ነው? የራበው ጅብ ሰዓት አያይም!» ከጅቡ ወደ ሐይቁ ጉማሬ፣ ከጉማሬው ወደ ቅዱስ ገብርኤል ዞረች፤ ጧፍ ተሳለች፣ ጃንጥላ ጨመረች። ስእለቱም መልስ ሲያጣ ተቆጣች። «ሹራብሽንም አልጋ ላይ ጥለሽው ሄደሻል! ብርድ ሲመታሽ ያኔ እናቴ ትያለሽ!»

ባህሩ ከነፋሱ ጋር ሰዓት ያህል ሲታገል ቆይቶ፣ አንቴናውን አስሮ ሲወርድ ቁልፉን እንደጨበጠች ስታለቅስ አገኛት።

«ይልቀቁት እንጂ፣ እትዬ አስካለ!»

«ሳትመልስልኝ?»

«ካልለቀቁት በምን ትመልስ!»

ለቀቀች። ክፍሉ ከራዲዮው በሚወጣ ሳቅ ተሞላ።

«እማዬ! ዶሬ ባፋኖ ደርሰናል፣ ደኅና ነን!»

«እናታችን፣ ማቴዎስ ነኝ። መኪናዋም እግዚአብሔር ይመስገን!»

ባህሩ ቁልፉን ተሻምቶ ያዘው። «ድምፃቸው የት ጠፋባችሁ?»

«ታቦርን ስንዞር» አለች ጽጌሬዳ። «ጅቡ ላይ ጠፋች፣ ገብርኤል ላይ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሹራቡ ሳይቀር ጥርት ብሎ ገብቷል። በሽተኞቹም ሰምተዋል!»

ባህሩ ሳቁ አልቆም አለው። «እኔ በየቦታው ላስቆማቸው ነበር፤ እርስዎ መንገዱን በሙሉ ፈተሹልኝ! በቃ፣ ራዲዮው ይሠራል።»

አስካለ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ቃል ቃል ነው። ቁልፉን እንደገና ተጫነች።

«እሺ፣ ሥራሽን ጀምሪ። ሹራቡን በማቴዎስ እልክልሻለሁ። ለመሆኑ፣ እንዴት ነሽ?»

ጣቷንም አነሣች።

«ደኅና ነኝ፣ እማዬ። አንቺስ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ ብለሽ...» ብላ ስትጀምር፣ ባህሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዳቦውን ቆረሰ።