ሽቶ የሌለው ይምጣልን

ነርሷ በሩን ሳታንኳኳ ገባችና የግዥ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አንድ እሽግ ፓድ አስቀመጠች። ኃላፊው ቶሎ ብሎ ፋይል ደረበበት። ወዶ አይደለም፤ ነርሷ የሚስቱ እናት ናት። አማቱ ፊት ስለ ወር አበባ ከሚያወራ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል።

በልብስ ፋብሪካው ክሊኒክ ሠራተኞቹን የምታክመው እሷ ነበረች። ፋብሪካው ለሴቶቹ ፓድ በነጻ ማደል ከጀመረ ወዲህ ልብስ ሰፊዎቹ አንድ በአንድ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይመጡ ጀመር፤ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፣ ይልጣል። መጀመሪያ ሳሙናውን ጠረጠረች። ሳሙና ቢቀየርም ለውጥ የለም። ፓዱን የተዉት ግን ዳኑ። እሽጉን ላቦራቶሪ ብትልከው ሽቶው ውስጥ ቆዳ የሚያቆስል ኬሚካል ተገኘ። ሌላ ምን እንዳለበት አምራቹን ብትጠይቅ የንግድ ምስጢር ነው አላት።

"እማማ፣ ውል ተፈርሟል" አለ ኃላፊው ግድግዳውን እያየ። "ደግሞ ሰዉ አማቱ ናት የምታዘው ይለኛል።"

"ቤትህ ስመጣ አማትህ ነኝ። እዚህ ነርስ ነኝ" አለችና ወጣች።

በምሳ ሰዓት ሰፊዎቹን ሰብስባ ነገሩን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።  በድምፅዋ ጉልበት ነጎድጓድ የሚሏት ሰፊ፣ "እኔ ብቻዬን መስሎኝ ስሸማቀቅ፣ ለካ ሁላችሁም በየጥጋችሁ ታክኩ ኖሯል" ስትል ሳቁ ፈነዳ። ከሳቁ በኋላ መላ መምታት ቀለለ። ሥራ ላለማቆም፣ ማንንም ላለመስደብ፣ እሽጉን ግን በትሕትና ለመመለስ ተስማሙ።

በማግስቱ ጠዋት ግዥ ክፍሉ በር ላይ ሰልፍ ተሠራ። እያንዳንዷ እሽጓን ታስቀምጣለች፣ "እንደምን አደሩ፤ ሽቶ የሌለው፣ ምን እንዳለበት የተጻፈበት ይምጣልን" ትላለች፣ ወደ ማሽኗ ትሄዳለች። ክምሩ የበሩን እጀታ አለፈ። ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶ የሒሳብ ክፍል ወንዶች ያስነጥሱ ጀመር።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ወጥቶ ይኼ ምንድነው ሲል፣ ወንዶቹ ሁሉ ጣሪያውን አዩ። መልሱ ሰልፉ አጠገብ የቆመችው ነርስ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አማቿ ግንባሩን ላብ አጥምቆት ስታየው ግን ዋጠችው። ይኼን እሱ ካልተናገረው ነገም ፋይል ይደርብበታል።

"ፓድ ነው" አለ ኃላፊው በመጨረሻ። "የወር አበባ ፓድ። ሴቶቹን እያቆሰላቸው ነው። ምን እንዳለበት ሳልጠይቅ የገዛሁት እኔ ነኝ።"

ሥራ አስኪያጁ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ "ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቃለህ?" አለው።

ውሉ ፈረሰ። ብዙም ሳይቆይ ከሌላ አምራች የናሙና ካርቶን መጣ፤ ሽቶ የለውም፣ ከምን እንደተሠራም ጀርባው ላይ ተጽፏል። ነጎድጓድ ልትቀድደው ስትል ነርሷ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠችበት።

"የጻፉትማ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ላቦራቶሪ ይየው።"

ሰፊዎቹ አጉረመረሙ፣ ግን እውነቷን ነው አሉ። ካርቶኑን ያመጣው አማቿ ያፍራል ብላ ተነሥታ መሸፈኛ ወረቀት ስትፈልግ፣ እሱ ካርቶኑን አንስቶ ትከሻው ላይ አወጣው።

"ይተዉት እማማ፣ እኔው አደርሰዋለሁ" አለና፣ የወር አበባ ፓድ የሚለውን ጽሑፍ ወደ ውጭ አድርጎ፣ ወዛደሮቹ በተኮለኮሉበት በግቢው መሐል ሄደ።